በአዲስ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ሽሪምፕን በሕይወት ስለ ማቆየት

የውሃ እንስሳትን በመስታወት ገንዳ፥ ማለት በአኳሪየም፥ በቤቱ ለማኖር የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያዝናል። እኛም ይኸው ደርሶብናል። ገንዳውን አጥበን፥ አሸዋ አንጥፈን፥ ውሃ ሞልተን በማግስቱ 10 ቀያይ ሽሪምፖች ጨመርንበት። ውሃው እንደ መስታወቱ የጠራ ነበር፤ ሆኖም በሰባት ቀን ውስጥ አንድ እንኳ አልተረፈም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንገልጠው የዚህን ጥፋት ምክንያትና መከላከያውን ነው።

ሽሪምፕ የሸርጣን ዘመድ ነው። በቤት የሚረባው ቀዩ ዐይነት፥ በሳይንስ ስሙ ኒዮካሪዲና ዴቪዲ የሚባለው፥ የትውልድ አገሩ ምሥራቅ እስያ ሲሆን ርዝመቱ ከ3 ሳንቲሜትር እምብዛም አያልፍም። ይህ እንስሳ በሰውነቱ የተረፈውን ናይትሮጅን በስንጥቡ በኩል የሚያስወጣው በአሞኒያ መልክ ነው። የበሰበሰ ምግብም አሞኒያ ያወጣል። በወንዝ ቢሆን ጅረቱ ጠርጎ ይወስደው ነበር፤ 20 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ግን መሄጃ የለውም። ቀለምም ስለሌለው የውሃው መጥራት ለደኅንነቱ ማስረጃ አይሆንም።

የመርዙ ኀይል እንደ ውሃው ጠባይ ይለያያል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ፥ ፒኤቹም 7 በሆነ ውሃ፥ ካለው አሞኒያ ብርቱ መርዝ በሆነው መልኩ የሚገኘው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤቹ 8 ሲሆን ግን ከመቶ 5 እጅ ያልፋል። እንግዲህ በአንዱ ገንዳ ብዙም ያልጎዳ መጠን በሌላው ሊገድል ይችላል።

ታዲያ ይህን መርዝ የሚያስወግደው ምንድር ነው? ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው የሩሲያ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. ገደማ እንዳስረዳው፥ ሥራው የባክቴሪያዎች ነው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። በ2015 ደግሞ ሁለቱንም ሥራ ብቻውን የሚፈጽም ባክቴሪያ መኖሩ ተገልጧል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን እጅግ ካልበዛ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ዕፅዋትም ይመገቡታል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅ፥ በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። ነገር ግን አዝጋሚዎች ናቸው፤ ቁጥራቸው እጥፍ እስኪሆን ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ አዲስ ገንዳ እስኪሰናዳ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልገዋል።

ከዚህ የሚከተሉት ምክሮች ይወጣሉ፦

1ኛ፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበትና ማርከሻ መድኀኒት ሳይጨመርበት ወደ ገንዳው አይግባ፤ ማጣሪያውም በቧንቧ ውሃ አይታጠብ፤ ባክቴሪያዎቹን ይገድላልና።

2ኛ፤ ማጣሪያው ያለ ዕረፍት እየሠራ፥ ለባክቴሪያዎቹ መነሻ እንዲሆን በየጥቂት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨመር። ውሃው ሲመረመር አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሳይሆኑ ሽሪምፕ አይግባ።

3ኛ፤ ሽሪምፕ በድንጋይና በቅጠል ላይ የሚበቅለውን የሚያሟልጭ ስስ ሽፋን እየጋጠ ይኖራል። ይህ ሽፋን በአዲስ ገንዳ ስለማይገኝ፥ መታገሡ መርዝን ከማስወገድ ሌላ ምግብንም ያዘጋጃል።

4ኛ፤ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኀኒት አይጨመር። የሽሪምፕ ደም ኦክሲጅን የሚያጓጉዘው በመዳብ ነው፤ ቢሆንም በውሃ የሟሟ መዳብ በጥቂቱም ይገድለዋል።

5ኛ፤ እንስሳው ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት በመጣበት ውሃ ላይ የገንዳው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይጨመርለት፤ ድንገተኛ ለውጥን አይችልምና።

አዲስ አበባን በመሰለ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ላለን ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፥ በውሃ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሽሪምፑም ባክቴሪያውም ኦክሲጅን ስለሚፈልጉ አየር የሚነፋ መሣሪያ መኖሩ ይበጃል።

ባዶ ገንዳ እያዩ መቀመጥ ያሰለቻል። እኛ ግን በሁለተኛው ጊዜ 40 ቀን ጠብቀን 5 ብቻ አስገባን። አምስቱም አሉ፤ አንዷም ዛሬ እንቁላሎቿን ከሆዷ ሥር ታቅፋ ትታያለች።