ለካሜራ ዋስ የሚሆን ማን ነው?

በወሎ ገበያዎች በሬ የሚሸጥ ሰው ዋስ አምጣ ይባላል። በሬው የራሱ ለመሆኑ፣ ነገ ሌላ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ ተጠያቂ የሚሆንለት፣ ገበያተኛው የሚያውቀው ሰው ማቅረብ አለበት። ዋስ ያጣ ሻጭ በሬው የቱንም ያህል የሰባ ቢሆን እየነዳ ይመለሳል። ደሴ ሰኞ ገበያ ለሚውል ነጋዴም ሆነ ደላላ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ወደ ፊልምና ቴሌቪዥን ሥራ የሚገባውም በዋስ ነው። ልዩነቱ ዋሱ የሚገኘው አዲስ አበባ መሆኑ ብቻ ነው። ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ የተነሣ፣ ካሜራ መያዝ፣ ድምፅ መቅዳት ወይም ኤዲቲንግ የሚችል ወጣት በቅድሚያ የሚቀርብለት ጥያቄ "ማን ያውቅሃል?" የሚል ነው። የሚያውቀው ከሌለ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ቤት ተከራይቶ፣ እስኪታወቅ ድረስ ያለ ክፍያ ማገልገል ይጠበቅበታል። ቤተሰቡ ይህን ወጪ የሚችልለት ይገባል፤ የማይችልለት ይቀራል። እንግዲህ ማጣሪያው ችሎታ ነው ወይስ ኪስ?

ደሴ ሌላ ዓይነት በር አይታ ታውቃለች። በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን መቀመጫው እዚሁ ነበር። ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት የታወቀችው በዚሁ ቡድን ነው። የኪነት ቡድኖች የመንግሥት ቅስቀሳ መሣሪያ ነበሩ የሚለው ወቀሳ እውነት ነው። ይሁንና በገበያ ዓይን ሲታይ ቡድኑ አንድ ትልቅ ነገር ሠርቷል። ችሎታን የሚፈልገው ባለችበት አገር ነበር፤ ባለ ተሰጥኦው አዲስ አበባ ወርዶ ደጅ መጥናት አልነበረበትም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ፊልም በቪዲዮ ካሜራ መሠራት ሲጀምር በሩ ለሁሉም የተከፈተ መስሎ ነበር። እነ "ጉዲፈቻ" እና "ቀዝቃዛ ወላፈን" በወጡበት ወቅት የሴሉሎይድ ወጪ ቀረ፤ የግል ባለሀብት ገንዘቡን ይዞ ገባ። የ"ቀዝቃዛ ወላፈን" አዘጋጅ ቴዎድሮስ ተሾመም ቆይቶ ሴባስቶፖል ሲኒማን ለመክፈት በቅቷል። ከዚያም በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በትርጉም ድራማ መጣ። የአገር ውስጥ ፊልም ሠሪዎች ገበያችንን ይገድላል ብለው ቢቃወሙትም፣ ድምፃቸውን ለሚያውሱ ወጣቶች የስቱዲዮ ሥራ ከፍቷል። በ2013 ዓ.ም. አቦል ተከተለ። ሁሉም ግን ሥራቸው አዲስ አበባ ነው። መልቲቾይስ እ.ኤ.አ. በ2018 ናይሮቢ ላይ የከፈተው የአንድ ዓመት ነፃ የፊልም ሥልጠናም ለኬንያ፣ ለታንዛኒያ፣ ለኡጋንዳና ለኢትዮጵያ በድምሩ 20 መቀመጫ ነበር የያዘው። እኩል ቢከፋፈል ለአገሪቱ በሙሉ 5 ሰው ማለት ነው።

በመሆኑም የደሴና የኮምቦልቻ እውነተኛው የፊልም ትምህርት ቤት ፎቶ ቤት ነው። ሠርግ የሚቀርጽ ልጅ ብርሃን ሲያንስ ምን እንደሚደረግ፣ በጫጫታ መሃል ድምፅ እንዴት እንደሚያዝ፣ የማይደገም ነገር ሳያመልጥ እንዴት እንደሚቀረጽ ይማራል። የወሎ ሠርግ ደግሞ የጥርና የሚያዝያ ብቻ አይደለም። ክርስቲያኑ ሲጾም የሙስሊሙ ኒካህ አለ፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ተራው ሊለወጥ ይችላል። አንዱ ወቅት የሌላውን ክፍተት ይሸፍናል። ይህ በሌላ ከተማ የሚኖር ካሜራማን በቀላሉ የማያገኘው ዕድል ነው።

ችግሩ ዕቃው ላይ ነው። የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። 1,000 ዶላር የሚያወጣ ካሜራ ቀረጥና ትርፍ ሳይታከልበት ከ57,000 ብር ወደ 100,000 ብርና ከዚያ በላይ ዘለለ ማለት ነው። ሙሽራው ግን ለቀረጻ የሚከፍለውን በዚያው ልክ አያሳድግም።

ታዲያ ባንክስ? ባንክ ቤት ወይም መኪና ማስያዣ ይጠይቃል። በተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ካሜራን የመሰለ ዕቃ በዋስትና እንዲያዝ ይፈቅዳል። ሆኖም ሕግ መፍቀዱ አበዳሪን አያስገድድም። በክልሉ ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ አለ፤ ዕቃውን ገዝቶ ያከራያል፣ ኪራዩ ተከፍሎ ሲያልቅ ባለቤትነቱ ይዛወራል። የዚህ ዓይነት ድርጅቶች የተቋቋሙት ግን በዋናነት አምራቹን ታስቦ ነው። ፊልም የሚሠራ ሰው አምራች ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለካድሬ የቀልድ ርዕስ ሊመስለው ይችላል፤ ለልጁ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

የሰኞ ገበያ ሰው ከዚህ የቀለለ መንገድ ያውቃል። ላም ያለው ለሌለው በርቢ ይሰጣል፤ አሳዳሪው ይቀልባል፣ የተወለደውን ይካፈላሉ። መሬት ያለው ደግሞ በእኩል ያሳርሳል። ካሜራስ በርቢ ቢሰጥ? ባለገንዘቡ ዕቃውን ይገዛል፣ ወጣቱ ይሠራበታል፣ ገቢው በስምምነት ይከፈላል፤ የካሜራው ዋጋ ሲመለስ ዕቃው የሠሪው ይሆናል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና የደሴ ሆቴሎች የማስታወቂያ ቀረጻቸውን እዚሁ ላለ ልጅ ቢሰጡ ደግሞ ሥራው ከሠርግ ያልፋል። ልጁ አንድ ቀን አዲስ አበባ ቢሄድ እንኳ የሚያሳየው ሥራ ይዞ እንጂ ዋስ ፍለጋ አይሆንም።

እርግጥ ላም በሌሊት በቦርሳ አትወሰድም። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማገባደጃ እስከ ኅዳር ማገባደጃ በጦርነቱ በተያዙበት ጊዜ ሱቆችና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሆስፒታል ሳይቀሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም መንገድ ዘግቶ ሠርግ አስተጓጉሏል። መደበኛ የመድን ውል ጦርነትን አይሸፍንም። ስለዚህ ካሜራ በርቢ የሚሰጥ ሰው ከልጁ ጋር ሲቀመጥ፣ የገቢ ክፍፍሉን ከመነጋገሩ በፊት ዕቃው ቢጠፋ ኪሳራው የማን እንደሚሆን በጽሑፍ መቋጨት ይኖርበታል፤ ምስክሮች ባሉበት።