በግሊዮብላስቶማ የመኖር ዕድል

ግሊዮብላስቶማ በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩትና ከአንጎል ከራሱ ከሚነሱት ካንሰሮች መካከል እጅግ ኃይለኛውና ፈጥኖ የሚያድገው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በመጨረሻው፣ ማለትም በ4ኛው ደረጃ ይመድበዋል። የሚነሳው ግሊያ ከተባሉት፣ ነርቮችን ደግፈው ከሚይዙ ሕዋሳት ነው። ሕዋሳቱ ወደ ጤናማው የአንጎል ክፍል ሰርገው ስለሚገቡ በቀዶ ሕክምና ጨርሶ ማውጣት አይቻልም። ከራስ ቅል ውጭ የሚሰራጨው ከስንት አንድ ሲሆን፣ ተመልሶ የሚያድገው ብዙውን ጊዜ ከወጣበት ቦታ አጠገብ ነው።

ከወግዲ እስከ ምርመራ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በወግዲና በመካነ ሰላም አካባቢ፣ የበሽታው ምልክቶች እንደ ሌላው ዓለም ናቸው፦ ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መድከም፣ የንግግር መያዝ፣ የጠባይ መለወጥ። ቀድሞ ጤነኛ የነበረ ጎልማሳ በድንገት ሲጥለው ብዙ ጊዜ «ለክፎት ነው» ይባላል። ዕጢው ግን በሳምንታት ውስጥ ሊያድግ ስለሚችል የሚባክነው ጊዜ ቀላል አይደለም።

ታማሚው ከጤና ጣቢያ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ከዚያ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ ይላካል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለሚታከም ሰው የሪፈር ወረቀቱ እንዳይቋረጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ የታየ ዕጢ ሁሉ ግሊዮብላስቶማ አለመሆኑ ነው። አማርኛ ካንሰርንም ቲቢንም «ነቀርሳ» ማለቱ እዚህ ላይ የሚያሳስት ነው። የቲቢ ባክቴሪያ አንጎል ውስጥ እንደ ዕጢ ያለ እብጠት ሊፈጥር ይችላል፤ በምስል ከካንሰር ጋር ቢመሳሰልም በመድኃኒት ይድናል። መግል የቋጠረ እብጠትም እንዲሁ ይታከማል። ከአንጎል ሽፋን የሚነሳው ሜኒንጂዮማ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና ሊድንም ይችላል። ስለዚህ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሳይመረመር «ተስፋ የለውም» ብሎ ታማሚን ወደ ቤት መመለስ ትልቅ ስህተት ነው።

ሕክምናው

የተለመደው ሕክምና ዕጢውን በተቻለ መጠን መቀነስ፣ ቀጥሎ የ6 ሳምንት ጨረርና ቴሞዞሎማይድ የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ነው። በኢትዮጵያ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በኖርዌይ በርገን ያሉ ባለሙያዎች አግዘውታል። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1997 ተጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ ለመላው አገር ብቸኛው ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። በኋላ ሌሎች ከተሞች ላይ ማዕከላት መከፈት ጀመሩ። ከወግዲ ለሚመጣ ገበሬ 6 ሳምንት አዲስ አበባ መቆየት ማለት ማደሪያ፣ ቀለብና አስታማሚ ማለት ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ ወይም አቅማቸው ለደከመ የ3 ሳምንት ጨረርም ስለሚሰጥ ሐኪሙን ስለዚህ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ 573 ታማሚዎች የተካፈሉበት ጥናት የዛሬውን ሕክምና መሠረት ጥሏል። ጨረር ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ12.1 ወር በላይ ኖሩ፤ ቴሞዞሎማይድ ከተጨመረላቸው ግማሾቹ ከ14.6 ወር በላይ ኖሩ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ከ2 ዓመት በኋላ ግን በሕይወት የነበሩት ከመጀመሪያው ቡድን 10.4 በመቶ፣ ከሁለተኛው 26.5 በመቶ ነበሩ። በ5ኛው ዓመት ደግሞ 1.9 እና 9.8 በመቶ ሆኑ።

14.6 ወር ለአንድ ሰው የተቆረጠ ቀን አይደለም። 100 ታማሚዎች በኖሩበት ጊዜ መጠን ቢሰለፉ መሐል ላይ የሚገኘው ሰው የኖረበት ጊዜ ነው። ከእሱ በስተኋላ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ስቲቨን ጄይ ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1982 መካከለኛ ዕድሜው 8 ወር የሆነ የሆድ ካንሰር ሲገኝበት ይህንኑ ተረድቶ ጽፎበታል፤ ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ኖረ። የእሱ ካንሰር ግሊዮብላስቶማ አልነበረም፤ የግሊዮብላስቶማ ሰልፍ ጅራቱ ቀጭን መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ቢሆንም ቁጥሩ ከታማሚው ጋር ይለወጣል፦ ከላይ በተጠቀሰው ጥናት 2 ዓመት ከደረሱት 27 ያህል ሰዎች 10ሩ 5 ዓመት ደርሰዋል። የዕድሜ ማነስ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቀረው ዕጢ ትንሽ መሆኑና ኤምጂኤምቲ የተባለው ጂን በኬሚካላዊ ለውጥ መዘጋቱ ዕድሉን ያሻሽላሉ። ጥናቱ ከ70 ዓመት በታች ያሉና አቅም ያላቸውን ብቻ እንዳካተተም መዘንጋት የለበትም።

ተስፋና ንግግር

በአካባቢው ልማድ ክፉ ወሬ እንደ መርዶ በሽማግሌ ስለሚነገር፣ ሐኪም ውጤቱን አስቀድሞ ለቤተሰብ እንዲነግር ይጠበቃል፤ ታማሚው የመጨረሻው ሰሚ ይሆናል። ይሁንና ግሊዮብላስቶማ ንግግርንና ማስተዋልን ቀስ በቀስ ሊወስድ ስለሚችል፣ ስለ መሬት፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ልጆች መናገር የሚፈልግ ሰው ገና አንደበቱ ሳለ ማወቁ ይጠቅመዋል። ጸሎት፣ ፀበልና ዱዓ ከሕክምና ጋር አይጋጩም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ ታማሚዎች ፀበልና መድኃኒትን አብረው እንዲወስዱ መፍቀዳቸው ለዚህ ምሳሌ ነው።

ዕጢውን ማስቆም ሳይቻል ሲቀርም ሕክምናው አያበቃም። ዴክሳሜታዞን በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ስለሚቀንስ ራስ ምታቱ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀልላል፤ መናገር ያቃተው አንዳንዴ እንደገና ይናገራል። መድኃኒቱ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ አይቋረጥም። የሚጥለው ታማሚ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን አገር ቤት ከተመለሰ በኋላም ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ለመካነ ሰላም ሆስፒታል የሚሰጥ የሕክምና ማስረጃና የመድኃኒት ዝርዝር ይዞ መምጣት ይኖርበታል።