የገንዘብ አማካሪው ደመወዝ ከማን ኪስ ይወጣል?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1969 በቺካጎ ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በሚገኝ ሆቴል 13 ሰዎች ተሰበሰቡ። አብዛኞቹ የሕይወት ኢንሹራንስና የሚውቿል ፈንድ ሻጮች ነበሩ። የጠራቸው ሎረን ደንተንም የሽያጭ ሰው ነበር። የአንድን ቤተሰብ ኢንሹራንስ አንዱ፣ አክሲዮኑን ሌላው፣ ግብሩን ሦስተኛው ከሚያይለት፣ ጠቅላላ ኑሮውን አገናዝቦ የሚመክር ባለሙያ ለምን አይኖርም ብለው ተመካከሩ። ከዚያ ምክክር ዴንቨር ላይ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በ1973 የመጀመሪያዎቹን 42 ተመራቂዎች አወጣ። ሲኤፍፒ የሚባለውን የዚህን ሙያ ማዕረግ የያዙ ሰዎች ዛሬ በአሜሪካ ከ100 ሺህ በላይ ናቸው።

ሙያው ከሻጮች መካከል መወለዱ እስከ ዛሬ ይከተለዋል። አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ወይም ጠበቃ ነኝ ለማለት ፈቃድ ይጠየቃል። «የገንዘብ አማካሪ» የሚለውን መጠሪያ ግን የኢንሹራንስ ወኪሉም፣ የባንክ ሠራተኛውም የስም ካርዱ ላይ ያትመዋል። ስለዚህ ምክር ፈላጊ ቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሰውየው ምን ተምሯል፣ ማንስ ይከፍለዋል የሚለውን ነው።

ትምህርቱ ቀላል አይደለም። ለሲኤፍፒ የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ ስለ ኢንቨስትመንት፣ ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ ጡረታና ውርስ የተዘጋጀውን ልዩ ትምህርት መጨረስ ግድ ነው። ፈተናው በአንድ ቀን የሚያልቅ ሆኖ 170 ጥያቄዎች አሉት፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ከተፈታኞቹ ሲሶ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ይወድቃሉ። ያለፈውም 6,000 ሰዓት የሥራ ልምድ፣ ወይም በባለሙያ የቅርብ ክትትል የተሠራ 4,000 ሰዓት ልምምድ ማሳየት አለበት። ማዕረጉን ከያዘ በኋላ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ቢያንስ 30 ሰዓት ይማራል።

በ2021 የትምህርቱ ይዘት ሲከለስ የገንዘብ ሥነ ልቦና ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ ተጨመረ። በእኔ እምነት ከመጀመሪያውም ሊኖር የሚገባው ክፍል ነበር፤ የሙያው ከባድ ፈተና ያለው እዚያ ነውና። ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ቀን 2020 ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው የአሜሪካ አክሲዮኖች መለኪያ ሲሶ ያህል ዋጋውን አጣ። በእነዚያ ሳምንታት የአማካሪዎች ስልክ ዕረፍት አልነበረውም፤ የደዋዩም ቃል አንድ ነው፦ «ሁሉንም ሽጥልኝ!» በኦገስት ገበያው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። የታገሠ ሰው ገንዘቡን መልሶ አገኘ፤ በማርች ሸጦ የወጣው ግን ኪሳራውን በገዛ እጁ አጸደቀው። ያን ጊዜ ለደንበኛ የጠቀመው ድንጋጤውን ሳይንቅ ሰምቶ፣ ከዓመታት በፊት አብረው የጻፉትን ዕቅድ አውጥቶ ያነበበለት አማካሪ ነው። እንዲህ ለማድረግ ደንበኛውን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በችግር ያደገ ሰው ለምን ጥሬ ገንዘብ ካልያዘ እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ ባልና ሚስት ስለ ልጃቸው የኮሌጅ ወጪ ለምን እንደማይስማሙ ያልጠየቀ አማካሪ ለዚያች ዕለት የሚሆን ቃል አይኖረውም።

ወደ ክፍያው እንምጣ። አንዳንዱ አማካሪ የሚኖረው ከሚሸጠው ኢንሹራንስ ወይም ፈንድ በሚያገኘው ኮሚሽን ነው። ሌላው ደንበኛው በሰዓት ወይም በዓመት ቁርጥ ዋጋ ይከፍለዋል። በጣም የተለመደው ግን ከሚያስተዳድረው ገንዘብ በዓመት አንድ በመቶ አካባቢ መውሰድ ነው፤ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያስያዘ ሰው በዓመት 5,000 ዶላር ያህል ይከፍላል። በሲኤፍፒ ደንብ አማካሪው ምክር በሚሰጥበት ጊዜ ሁሉ የደንበኛውን ጥቅም ከራሱ ማስቀደም ግዴታው ነው። ቢሆንም በመቶኛ የሚከፈለውን ሰው «ገንዘቤን አውጥቼ የቤቴን ዕዳ ልክፈል?» ብትሉት፣ «አዎ» ባለ ቁጥር የራሱ ገቢ ይቀንሳል። ይህን ራሱ ቀድሞ የሚነግር አማካሪ ለእኔ ብዙ ዲግሪ ከደረደረው ይበልጣል።

ለአሜሪካ ሐበሾች ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የእኛ ሰው ዕቅድ ውስጥ ለእናት በየወሩ የሚላከው፣ የዕቁቡ ጣጣ፣ አዲስ አበባ የተጀመረው ቤት አሉበት። እነዚህን እንደ ብክነት የሚያይ አማካሪ የደንበኛውን ኑሮ አልተረዳም። በሌላ በኩል አሠሪው ለጡረታ የሚጨምረውን ገንዘብ ሳይጠቀሙ ዓመታት የሚያልፉባቸው አሉ። አገር ቤት ባንክ ያስቀመጡትም፣ የውጭ አገር ሒሳቦቻቸው ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንዲት ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ያጣሉ። ቅጣቱ ከባድ ነው።

አማካሪው ከቢሮ ከወጣ በኋላ ያለው ሕይወትም ሙሉ በሙሉ የራሱ አይደለም። ደንበኞቹ ቀን ሥራ ላይ ስለሚውሉ ብዙ ቀጠሮ ማታ ነው፤ ልጆቹን ሳያስተኛ የሚያመሽበት ጊዜ ብዙ ነው። የኢንቨስትመንት ምክር ድርጅት ባልደረባ ከሆነ የራሱን የአክሲዮን ግዢና ሽያጭ ለድርጅቱ በየሩብ ዓመቱ ያሳውቃል። በደላላ ድርጅት ሥር የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ከደንበኛ መበደር በጥብቅ የተገደበ ነው። እንደ ልጃቸው የሚያዩት አረጋዊት ደንበኛ በኑዛዜ ሊያወርሱት ቢፈልጉ፣ የቅርብ ቤተሰቡ ካልሆኑ በቀር የድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይኖር መቀበል አይችልም። ለቅሶ ቤት ከደንበኛው ጎን ተቀምጦ የእገሌን ዕዳ፣ የእገሊትን ፍቺ ያውቃል፤ ለሚስቱ እንኳ አያወራም። በግብር ማሳወቂያ ወቅት ቅዳሜውን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ቅጽ በነፃ በመሙላት የሚያሳልፍም አለ፤ ከሀብታም ደንበኛ የማይገኝ ትምህርት እዚያ ይገኛል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ኢትዮ ቴሌኮም በ2024 አሥር በመቶ ድርሻውን፣ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ስለነበር አሥር ሺህ ብር ያህል ያለው ሰው በስልኩ ባለድርሻ መሆን ቻለ። በጃንዋሪ 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፤ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም ለኢንቨስትመንት አማካሪዎች ፈቃድ የሚሰጥበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ቆጥቦ ያጠራቀማትን ይዞ ወደዚህ ገበያ የሚገባው መምህርና ነጋዴ ምክር መጠየቁ አይቀርም። ፈቃድ የሚያወጡት አማካሪዎች ማን እንደሚከፍላቸው በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ በአማርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን፣ በጽሑፍ እንዲገልጹ ከአሁኑ ልንጠይቅ ይገባል።