ኃይልን በልኩ ስለ መስጠት

የኮምፒዩተር ጥገናን ሙያዬ አድርጌ በአዲስ አበባ ከተቀመጥሁ ወዲህ ወደ ጠረጴዛዬ በሚመጡት የቤት ኮምፒዩተሮች ላይ የሚቀርበው ክስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ይኸውም «ይግላል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ መብራት ሲጠፋም ዩፒኤሱ ሥራዬን እስካስቀምጥ አይጠብቀኝም» የሚል ነው። አቧራውን ጠርጌ፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ለውጬ ካበቃሁ በኋላ የሚቀረው ሙቀት ግን ከቆሻሻ የመጣ ሳይሆን ፋብሪካው ራሱ ለፕሮሰሰሩ ከደነገገለት ቮልቴጅ የሚወለድ መሆኑን ብዙ ባለቤቶች አይገነዘቡትም፤ ዛሬ ብዕር ያነሣሁትም ይህ ድንጋጌ በጥንቃቄ ሊሻሻል የሚችል መሆኑን፣ መሻሻሉም ማሽኑን የማያዳክመው መሆኑን ለማስረዳት ነው።

ነገሩ የቆመበት ሕግ አጭር ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩት ትራንዚስተሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚበሉት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእኩል መጠን ሲወጣና ሲወርድ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በቮልቴጁ ካሬ ይወጣል ይወርዳል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ከመቶ 10 እጅ የቀነሰ ሰው ከዚህ ኃይል 10 እጅ ሲያተርፍ፣ ቮልቴጁን 10 እጅ የቀነሰ 19 እጅ፣ ሁለቱንም አስተባብሮ የቀነሰ ደግሞ 27 እጅ ያተርፋል። ትራንዚስተሮቹ ሥራ ፈትተው ሳሉ የሚያፈስሱት ኃይል ከዚህ ስሌት ውጭ ነው፤ ሆኖም እርሱም ቮልቴጁና ሙቀቱ ሲወርዱ አብሮ ይወርዳል።

የአይቢኤሙ ሊቅ ሮበርት ዴናርድ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት፣ ትራንዚስተር እያነሰ በሄደ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ ስለሚያንስ በአንድ ስፋት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ሳይጨምር እንደሚኖር አስረድቶ ነበር፤ የኮምፒዩተር ሠሪዎችም በዚህ መንገድ ሠላሳ ዓመት ያህል ያለ ብዙ ጭንቀት ተጓዙ። ይሁን እንጂ ቮልቴጁ ከዚያ በላይ ሊወርድ የማይችልበት ወሰን ላይ ሲደርስ ሙቀቱ እየበረታ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንቴል 4 ጊጋኸርዝ ሊደርስ የታሰበውን ፔንቲየም 4 መሰረዙ ለዚህ ምስክር ነው። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎቹ በገበያ ለመብለጥ ሲሉ እያንዳንዱን ፕሮሰሰር እስከ ዓቅሙ ጫፍ ገፍተው ይሸጡታል፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜጋኸርዞች የሚጠይቁት ቮልቴጅ ደግሞ ከሚሰጡት ጥቅም ጋር ፈጽሞ የማይመዛዘን ነው።

በዚህ ላይ ፋብሪካው ለመጠባበቂያ የሚያክለው ቮልቴጅ ይጨመራል። ከአንድ የሲሊኮን ገበታ የተቆረጡ ሁለት ቺፖች እንኳ በጠባያቸው አንድ አይደሉም፤ አንዱ በ1.15 ቮልት የሚሠራውን ሥራ ሌላው ያለ 1.25 ቮልት አይሠራውም። ፋብሪካው ግን እያንዳንዱን ቺፕ ለየብቻው ቢፈትነውም በጽሞና መርምሮ ትክክለኛ ልኩን ሊያገኝለት ጊዜ ስለሌለው፣ ቺፑ በሙቀት አገር፣ በርካሽ ማዘርቦርድ ላይ፣ ዓመታት ካረጀም በኋላ እንዳይወድቅ አድርጎ ቮልቴጁን ከፍ ያደርገዋል። ይህ ማሰቡ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም፤ ነገር ግን ቺፑ ብርቱ ሆኖ የተገኘለት ሰው የማያስፈልገውን ኃይል ዕለት ዕለት በሙቀት መልክ ሲከፍል ይኖራል።

ለእኛ ለደጋው ሰዎች ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይመለከተናል። የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር ለኮምፒዩተር የተመቸ መስሎ ቢታይም፣ ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ በመሆንዋ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑም በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ክብደት ያንኑ ያህል ስለሚያንስ ሙቀቱን ለማውጣት አብዝቶ መሽከርከር ግድ ይሆንበታል። የዩፒኤስ የእርሳስ ባትሪም ጭነቱ በግማሽ ሲቀልለት የሚቆይበት ጊዜ ከእጥፍ የሚበልጥ ስለሆነ፣ ከፕሮሰሰሩ ላይ የተቀነሰ እያንዳንዱ ዋት መብራት በጠፋ ጊዜ በደቂቃ ተመንዝሮ ይመለሳል።

ፍጥነትን መቀነስና ቮልቴጅን መቀነስ በብዙ ሰው አእምሮ እንደ አንድ ነገር ተደባልቀው ይኖራሉ፤ ልዩነታቸው ግን ዐቢይ ነው። ቮልቴጁን ሳይነካ ፍጥነቱን ብቻ በግማሽ የቀነሰ ሰው፣ ሙቀቱ መቀነሱ እውነት ቢሆንም፣ አንድ ቪዲዮ አቀናብሮ ለመጨረስ እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ትራንዚስተሮቹም የሚከፈቱትና የሚዘጉት ያንኑ ያህል ጊዜ ስለሆነ ለሥራው የሚበሉት ኃይል በጠቅላላው አይቀንስም፤ እንዲያውም ስክሪኑና ማዘርቦርዱ በተራዘመው ጊዜ ሁሉ እየበሉ ስለሚቆዩ ቆጣሪው ላይ ብልጫ ሊያሳይ ይችላል። ፍጥነትን ዝቅ ማድረግ ትርፍ የሚሆነው ቮልቴጁን ተከትሎ ለማውረድ መንገድ ስለሚከፍት ነው፤ ምክንያቱም የፕሮሰሰሩ ምት ዝግ ባለ ቁጥር ትራንዚስተሮቹ በአነስተኛ ቮልቴጅም ሥራቸውን በጊዜው ለመፈጸም ይችላሉ።

አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው አዛውንት፣ ቮልቴጁን ብቻ ዝቅ አድርጌ በመለስሁላቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ ማሽኔን አደከምክብኝ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «የለም፣ አባቴ፤ የለመዱትን ሥራ ከፊትዎ ላስጀምረውና እርስዎ ሰዓት ይያዙ» አልኋቸው፤ የያዙትም ሰዓት ከቀድሞው አልዘገየም። ሙቀት እየበዛበት ራሱን የሚገታ ፕሮሰሰር ሲሆን እንዲያውም ቮልቴጁ ከወረደ በኋላ ይፈጥናል።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም ለማለት ባልደፍርም፣ የሚበልጠው ትዕግሥቱ ነው። ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራም ውስጥ ቮልቴጁን ከ10 እስከ 20 ሚሊቮልት ብቻ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ከዚያም ታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ለመፈለግ በተሠራው ፕራይም 95 በሚባለው ፕሮግራም አስጨንቄ እፈትነዋለሁ፤ ይህ ፕሮግራም ያገኘውን ውጤት አስቀድሞ ከታወቀው ጋር ስለሚያስተያይ ስሕተትን ሳይደብቅ ይገልጻል። ፈተናውን ካለፈ እንደገና ዝቅ አደርገዋለሁ፤ በወደቀበት ጊዜ ጥቂት ደረጃ ከፍ አድርጌ እተወዋለሁ። በከባድ ጭነት መጽናቱ ግን ብቻውን አያስተማምንም፤ በተለይ በራይዘን ፕሮሰሰሮች ላይ አንዱ ኮር ብቻውን ከፍ ብሎ በሚሮጥበት ቀላል ሥራ፣ ወይም ማሽኑ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ሰዓት መውደቅ ይበዛል። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፤ ቮልቴጁ ያነሰበት ፕሮሰሰር በስክሪኑ ላይ ሙሉ ፍጥነቱን እያሳየ በውስጡ ምቱን የሚያዘገይበት ጊዜ ስላለ፣ ሥራው የፈጀውን ጊዜ መለካት ያስፈልጋል እንጂ የጊጋኸርዙን ቁጥር ማመን አይገባም።

እኔን የሚያስፈራኝ ማሽኑ ድንገት መጥፋቱ አይደለም፤ እርሱ ተመልሶ ይነሣል። የሚያስፈራኝ ሳይጠፋ የሚሳሳተው ነው፤ በሒሳብ መዝገብ ውስጥ አንዲት አኃዝ ለውጦ በጸጥታ የሚያልፈው ነው። ስለዚህ የዊንዶውስን የስሕተት መዝገብ ለሳምንታት እየከፈትሁ ከሃርድዌሩ የመጣ ማስጠንቀቂያ እንዳለ ሳልመረምር ሥራው አለቀ አልልም፤ የሰው ደመወዝ ወይም የሕሙማን መዝገብ በሚያዝበት ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ቮልቴጁን ጨርሶ አልነካም።

በብዙ ላፕቶፖች ላይ ግን ቮልቴጁን የማውረዱ በር ተዘግቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በበርሚንግሃም፣ በሉቨንና በግራትስ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተመራማሪዎች ፕላንደርቮልት ብለው የሰየሙትን ጥቃት ይፋ ሲያደርጉ፣ ቮልቴጁን ሆን ብሎ በማዛባት ከኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ በምስጢር የተቆለፈ ነገር ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ፤ ከዚያ በኋላ በወጣው የባዮስ ማሻሻያ ብዙ ሠሪዎች ቅንብሩን ቆለፉት። እንዲህ ላለው ላፕቶፕ የሚቀረው የኃይሉን ጣሪያ ማውረድ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ በዊንዶውስ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ደረጃ ከመቶ ወደ 99 ማድረግ ብቻ ፍጥነቱን ለጊዜው ከመደበኛው በላይ የሚያወጣውን ቱርቦ ያስቀረዋል። በጠረጴዛ ኮምፒዩተርም ቢሆን ጣሪያውን ማውረድ የሚናቅ አይደለም፤ እስከ 230 ዋት የሚፈቀድለት ራይዘን 9 7950ኤክስ ኢኮ ሞድ በሚባለው ኃይል ቆጣቢ ቅንብር ወደ 88 ዋት ሲወርድ፣ ሥራው የሚጎድለው ኃይሉ በጎደለበት መጠን አይደለም። ትዕግሥት ለሌለው ሰው የምመክረው ይህንኑ መንገድ ነው፤ ፋብሪካው ራሱ የፈቀደው ስለሆነ ለስሕተት አያጋልጥም።

የሙያ ባልደረቦቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። የቀድሞውንና የለወጣችሁትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ በሣጥኑ የውስጥ ጎን ለጥፉ፤ ባዮስ በታደሰ ጊዜ ቅንብሩ ብዙውን ጊዜ ፋብሪካው ወዳስቀመጠው ይመለሳልና፣ ከእናንተ በኋላ ሣጥኑን የሚከፍተው ባለሙያ ከየት እንደሚጀምር ይወቅ።