ማርስ ላይ ያለ ካሜራ ቀለምን በምን ያውቃል?

አንድ እሑድ ቡና እየተፈላ ሳለ ለእናቴ በስልኬ አንድ ፎቶ አሳየኋት። ፐርሲቪራንስ የተባለው የናሳ ሮቨር ከማርስ የላከው ነው። መነጽሯን አድርጋ አየችውና «አፋር ነው እንዴ?» አለች። ማርስ መሆኑን ስነግራት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አስከተለች፦ «ታዲያ ቀለሙ የራሱ ነው ወይስ እናንተ ፎቷችሁን እንደምታሳምሩት አሳምረውት ነው?»

እኔ የምማረው ነርሲንግ ነው እንጂ ምሕንድስና አይደለም። ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም፤ አንብቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ እናቴ ስለ አፋር ያለችው ከእውነት የራቀ አይደለም። ደናክል ውስጥ ያለው ዳሎል ተመራማሪዎች ማርስን ለመረዳት ከሚሄዱባቸው የምድር ቦታዎች አንዱ ነው። እዚያ የምናየው ቢጫ፣ አረንጓዴና ቡናማ ቀለም ከጨው፣ ከድኝና ከብረት የመጣ ነው። ማርስንም ያቀላት የብረት ዝገት ነው። ስለዚህ ለጂኦሎጂ ባለሙያ ቀለም መረጃ ነው። ቀለሙ ከተዛባ ስለ ድንጋዩ የሚሰጠው ግምትም አብሮ ይዛባል።

ችግሩ የካሜራ ሴንሰር በራሱ ቀለም አለማወቁ ነው። የሚለካው የብርሃንን መጠን ብቻ ነው። ቀለም የሚገኘው ብርሃኑ በማጣሪያ ሲያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ማርስ ላይ ያረፉት ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ የሚሽከረከር የማጣሪያ ዲስክ ነበራቸው። አንዱን ቦታ ማጣሪያ እየቀያየሩ ደጋግመው ያነሱታል፤ ከዚያ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎቹ ምድር ላይ ተዋሕደው ባለ ቀለም ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ያረፈው ፐርሲቪራንስ የያዛቸው ማስትካም-ዚ የተባሉት ካሜራዎች ግን እንደ ስልካችን ካሜራ ናቸው። እያንዳንዱ ፒክስል የራሱ ትንሽ ማጣሪያ አለው፤ ከአራት ፒክስል ሁለቱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለሰማያዊ። የጎደለውን ኮምፒውተሩ ከአጠገብ ካሉት ፒክስሎች ገምቶ ይሞላዋል።

ይህም ሆኖ ቀለሙ ትክክል ነው ማለት አይደለም። የማርስ አየር አቧራማ ስለሆነ ብርሃኑ ራሱ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1976 ቫይኪንግ 1 ሲያርፍ መጀመሪያ የወጣው ባለ ቀለም ፎቶ ሰማዩን እንደ ምድር ሰማይ ሰማያዊ አድርጎ አሳይቶ ነበር። ሳይንቲስቶቹ ስሌቱን እንደገና ሲሠሩ ሰማዩ ወደ ሮዝ የሚያደላ ሆኖ ተገኘ። ዓይናችን የለመደውን ሰማይ ጠብቆ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሮቨሩ ቀለሙ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ይዞ ይሄዳል። ፐርሲቪራንስ ጀርባው ላይ የተለያዩ ቀለማትና ግራጫ ቀለበቶች ያሉበት ትንሽ ማመሳከሪያ ሰሌዳ አለው። ካሜራው ድንጋዩን ሲያነሳ ሰሌዳውንም ያነሳል። ምድር ላይ የሰሌዳው ቀለም ምን እንደሆነ ስለሚታወቅ፣ ፎቶው ምን ያህል እንደሳተ ታይቶ ይታረማል።

ርቀትስ? አውራ ጣታችሁን ፊት ለፊታችሁ ዘርግታችሁ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ዓይን ብቻ እዩት። ጣቱ የዘለለ ይመስላል። አንጎላችን ርቀትን ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ልዩነት ነው። ማስትካም-ዚም በ24 ሴንቲ ሜትር ገደማ የተራራቁ ሁለት ካሜራዎች ናቸው፤ የእኛ ዓይኖች የሚራራቁት ከ6 ሴንቲ ሜትር ብዙም ሳይበልጥ ነው። ከሁለቱ ፎቶዎች ልዩነት ኮምፒውተር የድንጋዩን ርቀትና ቁመት ያሰላል። መልእክት ከምድር ማርስ ለመድረስ እንደ ሁለቱ ርቀት ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ስለሚፈጅበት ሮቨሩን እንደ መኪና መንዳት አይቻልም። መንገዱን ለማጥናት እንዲህ ያሉ የጥንድ ፎቶዎች ይረዳሉ።

ይህን ሁሉ ሳነብ ሐሳቤ ደጋግሞ ወደ ትምህርቴ ይመለስ ነበር። ክፍል ውስጥ «ኦክስጅን ሲያንስ ከንፈር ሰማያዊ ይሆናል» ሲባል የአያቴን ከንፈር አስባለሁ። በእሷ ከንፈር ላይ ይህ እንዲህ በግልጽ አይታይም። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም በቀይና በኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚሠራ የቆዳ ቀለም ሊያሳስተው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ መለኪያው ደህና ነው እያለ ኦክስጅናቸው በጣም ያነሰ ሆኖ የተገኙት ጥቁር ታካሚዎች ድርሻ ከነጮቹ ድርሻ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር።

ጥቁር ቆዳ ላይ የከንፈርን ውስጥ፣ ድድን፣ የዓይንን የታችኛው ሽፋን ውስጠኛ ክፍልና መዳፍን ማየት ይረዳል። ከዚህም ሌላ ማመሳከሪያ ያስፈልጋል፤ የሰውየው የዘወትር መልክ። እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አትላንታ ውስጥ ብዙዎቻችን ለወላጆቻችን አስተርጓሚ ሆነን ሆስፒታል እንገባለን። ቁጥሩ ደህና ነው ቢባልም እናታችሁ እንደ ወትሮዋ ካልመሰለቻችሁ ዝም አትበሉ። «ዛሬ መልኳ ልክ አይደለም፤ ትንፋሿም ያጥራታል፤ እባካችሁ ደግማችሁ እዩልኝ» በሉ።

ለእናቴም መልስ ሰጥቻታለሁ። «አላሳመሩትም፣ አመሳክረውት ነው» አልኳት። «እንዲያ ከሆነ ጥሩ» ብላ ቡናዋን ቀዳች።