ፊጥራው ያው ነው፣ ብሩ ግን ያው አይደለም

ረመዳን ወደ ማገባደጃው ሲቃረብ በየመስጊዱ በር ላይ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ «ዘንድሮ ፊጥራ ስንት ሆነ?» ጠያቂው ማወቅ የሚፈልገው የብሩን መጠን ነው። ያ መጠን ደግሞ ካለፈው ዓመት ከፍ ብሎ ይነገረዋል። ፊጥራው ራሱ ግን ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ጀምሮ ፈቅ አላለም። በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ ምግብ ነው፤ ይኸውም በሁለት እጅ ሙሉ አራት እፍኝ ማለት ነው። እንደ እህሉ ዓይነትና እንደ ዑለማእ ስሌት በኪሎ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ይደርሳል። የሻፊዒ መዝሀብ ተከታዮች እህሉን ራሱን ይሰጣሉ፤ ሐነፊዮች ዋጋውን በገንዘብ መስጠት ይፈቅዳሉ። በሁለቱም መንገድ መለኪያው እህሉ ነው። የሚንቀሳቀሰው ብሩ ነው።

ይህን ልብ ያለ ሰው የዋጋ ግሽበት ምን እንደሆነ ገባው ማለት ነው። እህሉ አላደገም፤ ብሩ አነሰ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በረመዳን ዋዜማ የተምር፣ የዘይትና የሳንቡሳ ዋጋ ሲጨምር ሁላችንም እናማርራለን። ይህ የወቅት ጭማሪ ነው፤ ፈላጊው ስለበዛ ይወጣል፣ ከዒድ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይረግባል። ግሽበት ሌላ ነው። የሁሉም ነገር ዋጋ በአንድነት ወደ ላይ ይሄድና ወደ ነበረበት አይመለስም። «ግሽበት ከ30 ወደ 15 በመቶ ወረደ» የሚል ዜና ሲነገር ብዙ እናቶች «ታዲያ ዘይቱ ለምን አልቀነሰም?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የወረደው የጭማሪው ፍጥነት ነው፤ ዋጋው ቀስ እያለም ቢሆን መውጣቱን ቀጥሏል።

ስሌቱን በትንሽ ምሳሌ እንየው። ዋጋ በዓመት 30 በመቶ ቢጨምር፣ አምና በ10 ሺህ ብር የሞላው አስቤዛ ዘንድሮ 13 ሺህ ይጠይቃል። ያንኑ 10 ሺህ ብር ይዞ የሄደ ሰው ከአስቤዛው የሚያገኘው 77 በመቶ ያህሉን ነው። በዚሁ ፍጥነት ሦስት ዓመት ቢቀጥል ዋጋው ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ የብሩም አቅም ከግማሽ በታች ይወርዳል። ይህ ለኛ የመጽሐፍ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም የአገራችን ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር።

ወለድን ለሚጠነቀቅ ቤተሰብ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በወዲዓ፣ ማለትም በአደራ ሒሳብ የተቀመጠ ገንዘብ ቁጥሩ ሳይጎድል ይመለሳል፤ የመግዛት አቅሙን ግን የሚጠብቅለት የለም። ባንክ አደራውን አላጎደለም፤ አደራው ራሱ በውስጡ ሟሟ። ወለድ ተቀባዩም ቢሆን አልዳነም። ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው ወለል 7 በመቶ ነበር። ግሽበቱ 30 በሆነበት ዓመት 10 ሺህ ብሩ 10,700 ሆነለት፣ አስቤዛው ግን 13 ሺህ ገባ። ስለዚህ «ወለድ ባለመውሰዴ ከሰርኩ» ብሎ የሚቆጭ ወንድም ካለ፣ ወሳጁም መክሰሩን ይወቅ። ከትርፍ ድርሻ የሚያስገኘው የሙዷረባ ሒሳብ ከወዲዓ የተሻለ ዕድል አለው፤ ትርፉ ግን አስቀድሞ የተረጋገጠ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነን ለሐጅ የሚያጠራቅሙት ነገር ነው። የሳዑዲ ሪያል እ.ኤ.አ ከ1986 ጀምሮ በአንድ የአሜሪካ ዶላር 3.75 ሆኖ የታሰረ ነው። ስለዚህ ብር ከዶላር ሲወርድ ከሪያልም እኩል ይወርዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። 300 ሺህ ብር የነበራቸው አንዲት እናት ከለውጡ በፊት ያ ገንዘብ ወደ 20 ሺህ ሪያል ይሆንላቸው ነበር። ዶላሩ 112 ብር በገባ ጊዜ 10 ሺህ ሪያል ብቻ ሆነ። ከገንዘቡ አንድም ሳንቲም አልነኩም። የነበራቸው ግማሽ መንገድ ግን ሄዷል። ለሐጅ በብር እየቆጠቡ «ሞላልኝ» ብሎ ዓመት ማሳደር ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ችግሩ ለሙስሊሙ ዓለም አዲስ አይደለም። የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ፣ ስለ ሐበሻ ምድር ሙስሊም ነገሥታትም መጽሐፍ የተወልን ሰው፣ በዘመኑ የገበያ ተቆጣጣሪ (ሙሕተሲብ) ሆኖ ሠርቷል። እ.ኤ.አ በ1405 አካባቢ በጻፈው መጽሐፉ ግብፅን የመታው ረሀብና ውድነት የዐባይ ውሃ በመጉደሉ ብቻ የመጣ አለመሆኑን ሞግቷል። ሹመት በጉቦ መገዛቱን፣ የመሬት ኪራይ መናሩን፣ ከዚያም የመዳብ ሳንቲም (ፉሉስ) ወርቅና ብርን ተክቶ ገበያውን ማጥለቅለቁን በምክንያትነት ቆጥሯል። የሚመረተው ሳይጨምር መገበያያው ሲበዛ ምን እንደሚሆን ከ600 ዓመት በፊት በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ በየቤቱ አለ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ያበደርኩት 100 ሺህ ብር ዛሬ ስንት ነው? ግሽበቱ በዓመት 20 በመቶ ቢሆን አበዳሪው መልሶ የሚቀበለው 100 ሺህ ብር የሚገዛው፣ ባበደረ ጊዜ በ69 ሺህ ብር ይገዛ የነበረውን ነው። የጥንት ዑለማእ በዚህ ተወያይተዋል። ከአቡ ሐኒፋ ተማሪዎች አቡ ዩሱፍ፣ የሳንቲሙ ዋጋ ከተለወጠ ብድሩ በተወሰደበት ቀን ዋጋ ይከፈል ማለታቸው ይጠቀሳል። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ ግን እ.ኤ.አ በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ስብሰባ፣ ዕዳ የሚመለሰው በቁጥሩ እንጂ በዋጋው አይደለም፣ ከዋጋ ንረት ጋርም አይታሰርም ሲል ወስኗል። ጭማሪ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ የሪባ በር ይከፈታልና።

ታዲያ አበዳሪው ዝም ብሎ ይክሰር? መውጫ አለ። ወርቅ በግራም፣ እህልም በኩንታል ማበደር ይቻላል፤ የሚመለሰውም ያው ግራምና ያው ኩንታል ነው። ተበዳሪውም ቃል ሳይገባና ሳይጠየቅ፣ በራሱ ፈቃድ አሻሽሎ ቢመልስ የተወደደ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተበደሩትን ግመል በተሻለ ግመል መመለሳቸው በሐዲስ ተዘግቧል። እየቻለ የሚያዘገይ ተበዳሪ ግን በዚህ ዘመን እያንዳንዱ ወር ከወንድሙ ኪስ እየቆረሰለት መሆኑን ይረዳ። በዕቁብም ዕጣው መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ሰው ተመሳሳይ ጉዳት አለበት፤ እርግጥ እሱም የኋለኞቹን መዋጮዎች የከፈለው በረከሰ ብር ስለሆነ ጉዳቱ በግማሽ ያህል ይቀልለታል።

ዘካ ላይ ስንመጣ ኒሳቡ 20 ዲናር፣ በዛሬ ሚዛን 85 ግራም ወርቅ ነው፤ በብር ማዕድን ከሆነ 200 ዲርሃም ወይም 595 ግራም። በጥንቱ ዘመን ሁለቱ ተቀራራቢ ዋጋ ነበራቸው። ዛሬ ግን አንድ ግራም ወርቅ ብዙ አሥር ግራም የብር ማዕድን ስለሚገዛ ሁለቱ ኒሳቦች በጣም ተራርቀዋል። በየትኛው ማስላት እንዳለባችሁ የምትከተሏቸውን ዓሊም ጠይቁ። አምና የሰማችሁትን የብር ቁጥር ግን ዘንድሮ አትጠቀሙበት። ዘካችሁ በሚሞላበት ቀን ያለውን የግራም ዋጋ በ85 ወይም በ595 አባዙት።

ወርቅም ቢሆን ወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1980 መጀመሪያ አንድ አውንስ ከ800 ዶላር በላይ ደርሶ የነበረው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ከ300 በታች ተሽጧል። በዚያ ከፍታ የገዛ ሰው ብዙ ጠብቋል። ቢሆንም በረጅሙ ሲታይ ከወረቀት ይሻላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዑርዋ አንድ ዲናር ሰጥተው በግ እንዲገዛ ሲልኩት ሁለት ገዝቶ፣ አንዱን በዲናር ሸጦ፣ በጉንም ዲናሩንም ይዞ መመለሱ ተዘግቧል። ዛሬም የዲናሩን ክብደት፣ 4.25 ግራም ወርቅ፣ ሸጦ በግ ተራ የሚወርድ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም።

ከረመዳን በኋላ ሸዋል ሲገባ የኒካሕ ወቅት ነውና አንድ ነገር እናንሳ። በ1984 ዓ.ም ያገባች እህት 1,000 ብር መህር «በኋላ የሚከፈል» ተብሎ ተጽፎላት እንደነበር አስቡ። ያኔ ዶላር በ2.07 ብር ስለነበር መህሯ ከ480 ዶላር በላይ ነበር። በ1985 ዓ.ም መጀመሪያ ዶላሩ 5 ብር ሲሆን ወደ 200 ዶላር ወረደ። ዛሬ 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። ባሏ ሞቶ ከውርሱ በፊት ዕዳው ይከፈላት ሲባል የሚሰጣት ያቺው 1,000 ብር ናት። አያቷ መህራቸውን በማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ተቀብለው አስቀምጠው ቢሆን ኖሮ በእያንዳንዱ ጠገራ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ይገኝ ነበር። ስለዚህ የዘንድሮ ሙሽሮች ወላጆችና ወኪሎች ውሉ ላይ ከመፈረማቸው በፊት በኋላ የሚከፈለውን መህር በግራም ወርቅ ማስጻፍን ይነጋገሩበት፤ ካራቱንም ጭምር ያስጽፉ፣ 18 እና 21 ካራት ዋጋቸው አንድ አይደለምና።