የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራን የሚያገኟቸው ድጋፎች እና የአጠቃቀማቸው ሥርዓት

የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር ሥራ ከመማሪያ ክፍል ይሰፋል። መምህሩ ተማሪውን ያስተምራል፤ የጤና ባለሙያን፣ ወላጅንና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትን ያገናኛል፤ የሌለ የትምህርት መርጃ መሣሪያንም ከአካባቢው ቁሳቁስ ያዘጋጃል። ይህ ሁሉ ኃላፊነት ያለ ደጋፊ በአንድ ሰው ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ተማሪው ነው። የክፍሉን ትምህርት መከታተል ያልቻለ ልጅ ቀስ በቀስ ይቀራል፤ ቤተሰቡም «ትምህርት አልሆነለትም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። በመሆኑም መምህራን ያሉትን ድጋፎች ለይተው ማወቃቸው፣ ወላጆችም ከትምህርት ቤት ምን መጠየቅ እንደሚችሉ መረዳታቸው ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ የድጋፍ ዓይነቶቹን፣ የሚገኙባቸውን ቦታዎችና የአጠያየቁን ቅደም ተከተል ያብራራል።

የሕግና የፖሊሲ መሠረት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳት ያለባቸውና ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ ጥረት እንደሚደረግ፣ የልዩ ትምህርት መምህራን ሥልጠናም በመደበኛው የመምህራን ሥልጠና ውስጥ እንደሚሰጥ ደንግጓል። ይህን ተከትሎ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት የሀገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደው ደረጃ ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይገልጻል።

መምህራንን በቀጥታ የሚመለከተው ድንጋጌ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አባል ሀገሮች በምልክት ቋንቋና በብሬል የሠለጠኑ መምህራንን፣ አካል ጉዳት ያለባቸውን መምህራን ጨምሮ፣ እንዲቀጥሩና በየደረጃው ያሉ የትምህርት ባለሙያዎችን እንዲያሠለጥኑ ያስገድዳል። ስለዚህ ሥልጠናና መሣሪያ የሚጠይቅ መምህር ችሮታ እየጠየቀ አይደለም፤ የተማሪው የመማር መብት እንዲከበር ሥራው የሚጠይቀውን እያቀረበ ነው።

የተማሪውን ሁኔታ መለየትና መመዝገብ

ማንኛውም ድጋፍ የሚጀምረው በመለየት ነው። መለየት ማለት የሕክምና ስም መስጠት ሳይሆን ተማሪው ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ምን እንደሚከብደውና በምን ሁኔታ እንደሚቀልለው በጽሑፍ መያዝ ነው። ከጥቁር ሰሌዳ ይልቅ ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ተማሪ የእይታ ችግር ሊኖርበት ይችላል። ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር፣ ወይም ጆሮው ዘወትር የሚመግል ልጅ የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል። እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ መምህሩ ከወላጅ ጋር ተመካክሮ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ወይም በቀጥታ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ያስተላልፋል። ልጁ የሚያስፈልገው መነጽር ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ሳይመረመር ቀርቶ ግን ሰነፍ ተብሎ ዓመታት ሊያልፉበት ይችላሉ።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) ከዋሽንግተን ግሩፕ ጋር ያዘጋጀው የሕፃናት የተግባር ሁኔታ መጠይቅ ለዚህ ሥራ ይረዳል። መጠይቁ ከ2 እስከ 4 ዓመት እና ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ለየብቻ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለእናት ወይም ለአሳዳጊ የሚቀርብ ነው። ማየትን፣ መስማትን፣ መራመድን፣ ሐሳብን መግለጽንና መማርን የመሳሰሉትን ይጠይቃል።

ከመለየት ቀጥሎ ለተማሪው የግል የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጃል። ዕቅዱ ረጅም መሆን አይጠበቅበትም። ተማሪው አሁን ያለበትን ደረጃ፣ በመንፈቀ ዓመቱ የሚጠበቀውን ውጤት፣ የሚያስፈልገውን መሣሪያና ኃላፊነት የሚወስደውን ሰው ከያዘ በቂ ነው። መሣሪያ ሲጠየቅ፣ በጀት ሲያዝ ወይም ተማሪው ወደሚቀጥለው ክፍል ሲተላለፍ እንደ ማስረጃ የሚያገለግለው ይህ ሰነድ ነው። መምህሩ ቢዛወር እንኳ ተተኪው ከዜሮ አይጀምርም።

የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከላት

የድጋፍ መስጫ ማዕከል በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተደራጅቶ በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶችን የሚያገለግል ነው። በማዕከሉ የብሬል መጻፊያዎች፣ አባከስ፣ የምልክት ቋንቋ መማሪያዎች፣ የመንቀሳቀሻ ድጋፎችና የተለያዩ የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ሊገኙ ይችላሉ። ተዘዋዋሪ መምህር ያለው ማዕከል ባለሙያውን ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች በመላክ መደበኛ መምህራንን ያማክራል።

ማዕከላቱ በሁሉም ወረዳዎች አልተቋቋሙም። በአቅራቢያው ማዕከል የሌለው መምህር ጥያቄውን በትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በኩል ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማቅረብ፣ የክላስተር ሱፐርቫይዘሩም እንዲያውቀው ማድረግ ይኖርበታል። ማዕከል ባለበት ደግሞ መሣሪያው ሥራ ላይ መዋሉን መከታተል ያስፈልጋል። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ያለ ክፍልና ከነካርቶኑ የተቀመጠ የብሬል መጻፊያ ለተማሪ አይጠቅሙም። የመሣሪያ ዝርዝርና የውሰት መዝገብ መያዝ ይህን ችግር ያቃልላል።

እንደ ፍላጎቱ ዓይነት የሚደረግ ድጋፍ

ዓይነ ስውር ተማሪዎች፦ የብሬል ሥርዓት በስድስት ነጥቦች ላይ የተመሠረተ ሲሆን በአንድ ሕዋስ 63 የነጥብ ቅንጅቶች ይገኛሉ። የአማርኛ ፊደላት ግን ከ200 በላይ ናቸው። በዚህ ምክንያት በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው በአብዛኛው ለየብቻ ይጻፋሉ፤ አንድ ፊደል ሁለት ሕዋስ ይወስዳል ማለት ነው። በስሌትና ስታይለስ የሚጽፍ ተማሪም ከቀኝ ወደ ግራ ወግቶ፣ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። በክፍል ሥራና በፈተና ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት እንጂ በችሎታ ማነስ አይደለም። መምህሩ በሰሌዳ የሚጽፈውን በቃል ማንበብ፣ «ይህ» እና «ያ» ከማለትም ነገሩን በስሙ መጥራት አለበት።

መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች፦ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል ለእያንዳንዱ ተነባቢ የእጅ ቅርጽ ሲኖረው፣ ሰባቱ ሆሄያት በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ሆኖም የጣት ፊደል ብቻውን ቋንቋ አይሆንም። ምልክት ቋንቋ ሳይለምዱ ትምህርት ቤት የሚገቡ ልጆች በቅድሚያ ቋንቋውን ሊማሩ ይገባል። መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ከመናገር መቆጠብ፣ የክፍሉ ብርሃንም ፊቱና እጆቹ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ይጠበቅበታል።

የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው ተማሪዎች፦ አንድን ተግባር ወደ ትንንሽ ደረጃዎች ከፋፍሎ ማስተማር፣ የዕለቱን መርሐ ግብር በሥዕል ማሳየትና አሠራሩን ቶሎ ቶሎ አለመቀያየር ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ቤተሰቦች ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም የተሞከረው የተንከባካቢዎች ክህሎት ሥልጠና ለመምህራንም ጠቃሚ ሐሳቦችን ይዟል።

ሥልጠናና የሙያ ማሻሻያ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍሎች አሏቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋንም በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ለረጅም ሥልጠና ዕድል ያላገኘ መምህር ግን በትምህርት ቤቱ ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ መርሐ ግብር የምልክት ቋንቋ ወይም የብሬል ልምምድን የዓመቱ ትኩረት አድርጎ ማቅረብ ይችላል። በዚህ መንገድ ዕውቀቱ በአንድ መምህር ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ የሒሳቡም የስፖርቱም መምህር ተማሪውን ሰላም ማለትና መመሪያ መስጠት ይችላሉ።

የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርና የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር የአባሎቻቸውን የኑሮ ልምድ የሚያውቁ በመሆናቸው ለምክርና ለትብብር ተመራጭ ናቸው። ኮምፒውተር ላላቸው ትምህርት ቤቶች ኤንቪዲኤ የተባለው የስክሪን ንባብ ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው ቶክባክም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ኢትዮጵያ የተቀላቀለችው የማራካሽ ስምምነት ደግሞ የታተመ መጽሐፍን ማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች በብሬል፣ በድምፅ ወይም በትልልቅ ፊደላት ለማዘጋጀት የቅጂ መብት እንቅፋት እንዳይሆን ያለመ ነው።

አካል ጉዳት ያለባቸው መምህራን

በልዩ ፍላጎት ትምህርት ከተሰማሩት መምህራን መካከል ዓይነ ስውር የሆኑና መስማት የተሳናቸው ይገኙበታል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ይጠይቃል። ስለዚህ መምህሩ የሚያስፈልገውን መሣሪያና የሥራ ቦታ ማስተካከያ በጽሑፍ ለርእሰ መምህሩ ማሳወቅ ይችላል።

ድጋፍ ሲጠየቅ ሊሟሉ የሚገባቸው ነጥቦች

ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ የሚከተሉትን ቢይዝ ለውሳኔ ይቀላል፦

1. የተማሪዎቹ ቁጥር፣ ክፍልና የፍላጎት ዓይነት፤
2. በትምህርት ቤቱ አሁን ያለው መሣሪያና የሠለጠነ መምህር፤
3. የሚጠየቀው ድጋፍ በቅደም ተከተል፣ ማለትም የትኛው አስቸኳይ እንደሆነና የትኛው በቀጣይ ሊሟላ እንደሚችል፤
4. የግል የትምህርት ዕቅድ ቅጂ፤
5. የርእሰ መምህሩ ፊርማና የትምህርት ቤቱ ማኅተም።

በፈተና ወቅት ተጨማሪ ሰዓት፣ አንባቢ ወይም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ተማሪ ካለ ጥያቄው በምዝገባ ጊዜ መቅረብ አለበት፤ በፈተናው ዕለት የሚቀርብ ጥያቄን ማስተናገድ አስቸጋሪ ነው።

ወላጆችም የልጃቸውን የግል የትምህርት ዕቅድ የማየት፣ በዝግጅቱ የመሳተፍና በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አማካይነት ጉዳዩን የማንሳት ድርሻ አላቸው። ልጃቸውን ቤት ያስቀመጡ ቤተሰቦች በአቅራቢያቸው ወዳለው ትምህርት ቤት ቀርበው ማስመዝገብ ይኖርባቸዋል። ያልተመዘገበ ልጅ በዕቅድም ሆነ በበጀት አይካተትም፤ የተመዘገበ ልጅ ግን መምህሩ ለሚያቀርበው የድጋፍ ጥያቄ መነሻ ይሆናል።